በየቅዳሴው የምናውጀው ወንጌል

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና ለምእመናን የተሰጠ ትምህርት፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና ዲያቆናት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከጅሩ፣ ከሞረት፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበርም ጭምር የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመደ ይለምደዋል፤ ከቆላ የመጣችሁት ግን ጋቢያችሁን ጠበቅ አድርጉ፤ ቶሎ አንጨርስም።

የዛሬው ርእሳችን «ወንጌል ምንድን ነው?» የሚል ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ገበያ መሐል አንድ ሰው አስቁሞ ይህን ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? አንዱ «አራቱ መጻሕፍት ናቸዋ! ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ» ይላል። ልክ ነው። ሌላው «የእግዚአብሔር ቃል ነው» ይላል። እሱም ልክ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም ቃሉ የሌላ ቤት ቃል ይመስለዋል፤ «ወንጌል» ሲባል ጎረቤቱ ያለው የሌላ እምነት አዳራሽ ነው ትዝ የሚለው። ይህ ነው የሚያሳዝነው። ቡልጋ ኢቲሳ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከሸዋ እስከ ዳሞት ዞረው ምን አስተማሩ? ወንጌልን አይደለም እንዴ? እኛ የቆምንበት መሬት እኮ ወንጌል የተሰበከበት መሬት ነው። የራሳችንን ቃል ለሌላ ሰጥተን ባዳ የምናደርገው ለምንድን ነው?

ደግሞም መልሱ አጠገባችን አለ። ከአጠገብም ይቀርባል፤ አፋችን ላይ ነው። ያስቀደሰ ሰው ሁሉ በዜማ ይለዋል፦

«ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ፤ ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ።»

አቤቱ ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን፤ ዕርገትህንና ዳግመኛ መምጣትህን እናምናለን። በቃ፤ ወንጌል ይህ ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

መቼ እንደምንለው አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በቅዳሴ ሐዋርያት ካህኑ ኅብስቱን ይዞ፣ ጽዋውንም ይዞ፣ ጌታ በጸሎተ ሐሙስ የተናገረውን ቃል ይናገራል። መታሰቢያዬን አድርጉ ያለውን ሲፈጽም ሕዝቡ ይቀበለዋል፤ «ንዜኑ ሞተከ» ይላል። ካህኑ መንፈስ ቅዱስ እንዲወርድ የሚለምነው ከዚህ በኋላ ነው። መባረክ የካህን ነው፤ ይህን ማወጅ ግን ለሕዝቡ የተሰጠ ነው። ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለተማሪው፣ ለእናቶች። በዚያች ደቂቃ ሰባኪው ሕዝቡ ነው! ታዲያ ስንቶቻችን ነን ዜማውን ይዘን ነገሩን የለቀቅነው?

አሁን ሦስት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ የዚህ ዜና ክፍሎች ምንና ምን ናቸው? ሁለተኛ፣ አራቱ ወንጌላውያን ይህን እንዴት ጻፉት? ሦስተኛ፣ በቅዳሴም በቤትም እንዴት እንስማው? በየመካከሉ የት የት እንደምንስት አነሣለሁ። ሳልናገረው የምተወውን ደግሞ በጥያቄ ታወጡታላችሁ።

የመጀመሪያውን እንያዝ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው አንደኛ መልእክት 15ኛው ምዕራፍ ላይ «የሰበክሁላችሁን ወንጌል» ብሎ ይጀምርና ምን እንደሆነ ይዘረዝረዋል፦ «መጽሐፍ እንደሚል ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፥ ተቀበረም፥ መጽሐፍም እንደሚል በሦስተኛው ቀን ተነሥቶአል።» ከዚያ ምስክር ይጠራል። ለኬፋ ታየ፣ ለዐሥራ ሁለቱ ታየ፣ ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች በአንድ ጊዜ ታየ፤ ከእነርሱም የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ ይላል። ይህ መልእክት ሲጻፍ ከትንሣኤው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል እንኳ አላለፈም። «አሉ» ማለቱ ሂዱና ጠይቋቸው ማለቱ ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሞ ምስክር እንደሚቆጥር ሰው ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጳውሎስ ወንጌልን ሲተነትን ከሆነው ነገር ይነሣል። ጹሙ ብሎ አልጀመረም። ስገዱ፣ ዐሥራት አውጡ፣ አትስረቁ ብሎ አልጀመረም። እነዚህ ሁሉ በቦታቸው ይመጣሉ፤ ጳውሎስም በየመልእክቱ መጨረሻ አጥብቆ ይጽፋቸዋል። ከሁሉ በፊት ግን እግዚአብሔር ምን አደረገ የሚለውን ነው የነገራቸው።

በአገራችን ደስታ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ «የምሥራች!» ይላል። የቤቱ ባለቤት «ምሥር ብላ!» ይላል። መልእክተኛው ከዚያ ምን ይላል? «ልጅሽ በሰላም ገባ፤ ከዚያ ማዶ እየመጣ ነው» ይላል። «ቤትሽን ጥረጊ፣ ቡና አፍዪ» አይላትም። እሷ ግን ይህን ከሰማች ወዲያ ማን ያስቀምጣታል? ቤቱን ትጠርጋለች፣ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ ቡናውን ትቆላለች፣ ጎረቤት ትጠራለች። ማንም አላዘዛትም፤ ዜናው ነው ያዘዛት። ሌላ ሰው መጥቶ ልጁ መምጣቱን ሳይነግራት «ጥረጊ፣ ጎዝጉዢ፣ ቁዪ» ብቻ ቢላትስ? ለአንድ ቀን ትሠራ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ይደክማታል፤ በሦስተኛው ቀን ታማርራለች። ብዙ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን የሚደክመው በዚህ መንገድ ነው። ትእዛዙን ሰምቷል፤ ዜናውን የነገረው የለም። ሰባኪዎችም፣ አስተማሪዎችም፣ ወላጆችም በዚህ እንጠየቃለን።

ይህ ሥርዓት ከሐዲስ ኪዳን የጀመረ እንዳይመስላችሁ። ዘጸአት 20ን ክፈቱ። ዐሠርቱ ትእዛዛት በምን ይጀምራሉ? «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ።» አስቀድሞ አወጣቸው፤ ኋላ አዘዛቸው። በግብፅ ሳሉ ትእዛዙን ፈጽሙና አወጣችኋለሁ አላላቸውም።

እንግዲህ ወደ ክፍሎቹ። «ሞተከ» ብለን ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ማን ነው የሞተው? ሰው ብቻ ከሆነ ደግ ሰው ሞተ፣ አዘንን፣ ተለያየን። አባቶቻችን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ሲያስተምሩ ከሥላሴ ቀጥሎ ምሥጢረ ሥጋዌን የሚያመጡት ለዚህ ነው። ከእመቤታችን የተወለደው እግዚአብሔር ቃል ነው፤ ሥጋን ተዋሐደ፤ በተዋሐደው ሥጋ ሞተ። ዕብራውያን 2፥14 ልጆቹ በሥጋና በደም ስለሚካፈሉ እሱም እንዲሁ ተካፈለ፣ በሞቱም ሞትን በሥልጣኑ የያዘውን ሊሽር ነው ይላል። የሚሞተው ሰው መሆን አለበት፤ ሞትን የሚሽረው አምላክ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱን ብትቀንሱ ወንጌሉ ይፈርሳል። የድሮዎቹ መናፍቃን ሁሉ የተሰናከሉት ከሁለቱ ባንዱ ነው።

ሞቱን ወንጌላውያን በሰዓት ነው የነገሩን። ማርቆስ «በሰቀሉትም ጊዜ ሦስት ሰዓት ነበረ» ይላል፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ፤ በዘጠኝ ሰዓት ጮኸ። እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ ስሌት አያስፈልገንም፤ ያው የግድግዳችን ሰዓት ነው። ዓርብ ስቅለት ስድስት ሰዓት ላይ ስትሰግዱ ያ ሰዓት ነው። ለምን ሞተ? ሮሜ 4፥25 ስለ በደላችን አልፎ ተሰጠ፣ እኛን ስለ ማጽደቅም ተነሣ ይላል። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያሰራቸው።

እኛ ግን ለያየናቸው። እውነቱን እንነጋገር፤ ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን እግር መርገጫ የለም። ይሰገዳል፣ ይለቀሳል፣ በወይራ ቸብ ቸብ ተደርጎ ንስሐ ይሰጣል። ደስ ይላል። የትንሣኤ ሌሊትስ? ቅዳሴው አልቆ «ሑሩ በሰላም»፣ በሰላም ሂዱ፣ እስኪባል ሐሳባችን ዶሮው ጋ ነው። አልፈርድም፤ ሁለት ወር ሙሉ የጾመ ሰው ነው። ግን ጳውሎስ «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት፤ እስከ አሁን ድረስ በኃጢአታችሁ አላችሁ» ይላል። ሞቱ ላይ የቆመ ስብከት ለቅሶ ቤት ነው። ካህኑ በበዓለ ሃምሳ የሚያውጁት ምንድን ነው? «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» ይላሉ፤ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይላል። «አሠሮ ለሰይጣን»፤ «አግዐዞ ለአዳም»። ሰይጣንን አሠረው፤ አዳምን ነጻ አወጣው። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ጾም የለም፣ ስግደት የለም። ቤተ ክርስቲያን በአካላችን ጭምር ነው የምታስተምረን፤ ቀና በሉ ትለናለች።

መቀበሩስ ለምን ተጠቀሰ? ጳውሎስ «ተቀበረም» የሚለውን ሊዘለው ይችል ነበር። አልዘለለውም። ኒቆዲሞስ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ፤ የአርማትያሱ ዮሴፍ ሥጋውን ከጲላጦስ ለመነ፤ በተልባ እግር ልብስ ገነዙት፤ ድንጋይ ተገጠመበት። ይህ ሁሉ ዝርዝር ስለ እውነተኛ ሬሳ ነው። ራሱን ስቶ ነበር የሚሉትን እዚሁ ዘጋባቸው።

ዕርገት ላይ ግን ትንሽ ላቆያችሁ፤ ከአራቱ የተረሳው እሱ ነው። ከትንሣኤ በ40ኛው ቀን፣ ሁልጊዜ ሐሙስ ይውላል። የሥራ ቀን ስለሆነ ከካህናትና ከጥቂት እናቶች በቀር የሚመጣ የለም። ዕርገት ምን ይጠቅመኛል የሚል አለ፤ ሄደ ማለት አይደል? አይደለም! የወረደው ሥጋ ለብሶ አልነበረም፤ የወጣው ግን ሥጋችንን ይዞ ነው። ዘፍጥረት ላይ «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ» የተባለው ባሕርይ በአብ ቀኝ ተቀመጠ። ኤፌሶን 2፥6 ከእሱ ጋር አስነሣን፣ በሰማያዊ ስፍራም አስቀመጠን ይላል። የሰው ልጅ ክብር የት እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልግ ዕርገትን ያክብር። ሰውን በዘሩ፣ በሙያው፣ በድህነቱ የሚንቅ ሰው ዕርገትን አልሰማም። «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» ተብሎ ሲገለል የኖረው ሠሪ እጅ የለበሰውን ሥጋ ነው ጌታ ይዞት ያረገው። ይህን በመንዝም በተጉለትም ቡልጋም ደጋግመን ማስተማር ያለብን ነገር ነው።

ዳግም ምጽአት ላይ የምንስተው በሌላ አቅጣጫ ነው። እሱ አልተረሳም፤ እንዲያውም በዛ። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ማቴዎስ 24 ይነበባል። በስልክ የሚላከው ሁሉ ግን ቀን ቆራጭ ሆኗል። እገሌ አባት እንዲህ አዩ፣ በዚህ ዓመት በዚህ ወር ይላል። የዚያኑ ምዕራፍ 36ኛ ቁጥር አላነበቡትም፤ ያችን ቀንና ያችን ሰዓት ማንም አያውቅም ይላል። ቀን የሚቆርጥ ሁሉ፣ ቆብ ቢደፋም ባይደፋም፣ ወንጌልን ነው የተቃወመው። ለአማኝ ዳግም ምጽአት የሚወደው መምጣቱ ነው። በቅዳሴው «ነአምን» ያልነው ማስፈራሪያ አይደለም። ግን ፍርድ አለው፤ ፍርዱን ከስብከቱ የሚያስቀር ሰባኪም ወንጌሉን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር፤ አራቱ እንዴት ጻፉት? ማቴዎስ 28 ምዕራፍ፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21፤ በድምሩ 89። አሁን ክብደቱን ተመልከቱ። ማርቆስ ከ16ቱ ምዕራፍ የመጨረሻዎቹን ስድስቱን ለአንድ ሳምንት ሰጠ፤ ከሆሣዕና እስከ ትንሣኤ። ዮሐንስ ከ13 እስከ 19 ያሉትን ሰባት ምዕራፎች ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ማታ ላለው ጊዜ አዋለ። ልደቱን የጻፉት ማቴዎስና ሉቃስ ብቻ ናቸው። ከሠላሳ ዓመቱ በፊት ስላለው ኑሮ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። የሰው ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ይጽፋል? አይጽፍም። እነሱ የሚጽፉት «ሞተከ፣ ትንሣኤከ» የሚለውን ነው፤ ሌላው መግቢያው ነው።

ለምን አራት ሆኑ? አባቶች በሕዝቅኤልና በራእይ ባሉት አራቱ እንስሳ ይመስሏቸዋል፤ ማቴዎስ ገጸ ሰብእ (የሰው ፊት)፣ ማርቆስ ገጸ አንበሳ፣ ሉቃስ ገጸ ላሕም (የላም ፊት)፣ ዮሐንስ ገጸ ንስር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ታትያን የሚባል ሰው አራቱን ቀላቅሎ አንድ መጽሐፍ አድርጎ ነበር። ለንባብ ይቀላል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አራቱን እንዳሉ ጠበቀች። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሣርያው አውሳብዮስ የተሻለ ዘዴ አገኘ። ጽሑፉን ሳይነካ በየክፍሉ ቁጥር ሰጠው፤ ለማቴዎስ 355፣ ለሉቃስ 342፣ ለዮሐንስ 232 ክፍል። ከዚያ ዐሥር ሠንጠረዥ አዘጋጀ። የመጀመሪያው አራቱም የተባበሩበትን ያሳያል፤ ቀጥሎ ሦስቱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ለብቻው የጻፈው። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግዕዝ ወንጌሎች መጀመሪያ ላይ ያ ሠንጠረዥ በዐምድና በወፍ ሥዕል አጊጦ ይታያል። ብራናው ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ መሆኑ ተረጋግጧል። «አራቱ ይጋጫሉ» የሚል ሰው ዛሬ በስልክ ሲመጣባችሁ አትደንግጡ፤ አባቶቻችን ጥያቄውን ከ1,400 ዓመት በፊት በብራና ላይ አስቀምጠው፣ ጎን ለጎን አስተያይተው ያነቡት ነበር። አምስት ሺውን የመገበበት ተአምር ለምሳሌ በአራቱም አለ። አስተያይታችሁ አንብቡት፤ ሣሩ ለምለም መሆኑን የሚነግራችሁ ማርቆስ ነው፤ እንጀራው የገብስ መሆኑን የሚነግራችሁ ዮሐንስ ነው። የገብስ እንጀራ! ይህን ለእኛ ለደገኞች ማን ያብራራልናል?

በነገራችን ላይ፣ አማርኛው ወንጌል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1824 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ነው። ካይሮ ተቀምጦ የተረጎመው ግን ኢትዮጵያዊ ነው፤ አቡ ሩሚ ይባላል። ክራፕፍና ኢዘንበርግ የሚባሉት ሚሲዮናውያን በ1839 እ.ኤ.አ. አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ገቡ። ከአባቶቻችን ጋር በትምህርት አልተስማሙም፤ ከሥራቸው አንዱ መጽሐፍ ማደል ነበር፤ ያ አማርኛ ደግሞ የአንድ የአገር ልጅ እጅ ሥራ ነው። አማርኛው ወንጌል ባዳ ነው የሚል ካለ ይህን ይወቅ።

ሦስተኛው፤ እንዴት እንስማው? በቅዳሴ መጀመሪያ ጳውሎስ ይነበባል፤ ዲያቆኑ ነው የሚያነበው። ቀጥሎ ንፍቁ፣ ማለት ረዳቱ፣ ዲያቆን ከሰባቱ መልእክታት፣ ንፍቁ ካህን ከግብረ ሐዋርያት። ከዚያ ምስባክ ከዳዊት ይሰበካል። በመጨረሻ ዲያቆኑ «ቁሙ አጽምዑ ወንጌለ ቅዱሰ» ብሎ ያውጃል፤ ቁሙ፣ ቅዱስ ወንጌልን አድምጡ። ሠራዒው፣ ቅዳሴውን የሚመራው ካህን ያነባል። ንባቡ ሲያልቅ የሚባለው እንደ ወንጌላዊው ይለያያል፤ ይህን ያስተዋለ ጥቂት ነው። ማቴዎስ ከሆነ ሰማይና ምድር ያልፋል ቃሌ ግን አያልፍም፤ ማርቆስ ከሆነ የሚሰማ ጆሮ ያለው ይስማ፤ ሉቃስ ከሆነ ከኦሪት አንዲት ቃል ከምትወድቅ የሰማይና የምድር ማለፍ ይቀላል፤ ዮሐንስ ከሆነ በወልድ የሚያምን የዘላለም ሕይወት አለው። የሕዝቡም ዝማሬ ይለያያል፤ ለማቴዎስ «ነአምን አበ ዘበአማን»፣ ለማርቆስ «እሉ ኪሩቤል»፣ ለሉቃስ «መኑ ይመስለከ»፣ ለዮሐንስ «ቀዳሚሁ ቃል»። ልጆች፣ የሚቀጥለው እሑድ ዝማሬውን ብቻ ሰምታችሁ የትኛው ወንጌል እንደተነበበ ለማወቅ ሞክሩ።

የት ነው የምንስተው? አንደኛ፣ አርፍደን እንመጣለን። «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን»፣ ያልተጠመቃችሁ ውጡ፣ የሚባለው ከወንጌል በኋላ ነው። የወንጌሉ ንባብ ገና ላልተጠመቁት እንኳ የተፈቀደ ነው፤ እኛ የተጠመቅነው ግን በር ላይ ጫማችንን እያወለቅን ያልፈናል! ሁለተኛ፣ በግዕዝ ሲነበብ አልገባኝም ብለን ሐሳባችንን እንለቃለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቅዳሜ ማታ የየዕለቱን ምንባብ የሚያሳየውን መጽሐፍ፣ ግጻዌውን አይታችሁ፣ ግጻዌ የሌላችሁ ካህኑን ወይ ዲያቆኑን ጠይቃችሁ፣ የነገውን ምንባብ በአማርኛ አንብቡት። አራቱም ተደምረው ከአንድ ገጽ ተኩል ብዙም አይዘሉም። እሑድ በግዕዝ ሲነበብ ስሞቹ ይያዟችኋል፤ ስሞቹ ከተያዙ ነገሩ ይከተላል።

አንድ ምንባብ አብረን እንሞክር። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መፃጉዕ ነው፤ ዮሐንስ 5። አምስት መመላለሻ አለ፤ ብዙ ሕመምተኛ ተኝቷል። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያየዋል። ሰውየው 38 ዓመት ታሟል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። እሱ አዎን አላለም፤ «ሰው የለኝም» ብሎ አቤቱታውን ነው ያሰማው። የሚገፋፋ ነው ያለው፣ የሚያነሣ የለም። ጌታም «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው፤ ወዲያው ዳነ። ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ስለ ኃጢአት አንድም ቃል አልተናገረም። ሰውየው ማን እንዳዳነው እንኳ አያውቅም ነበር። ኋላ ጌታ በመቅደስ አገኘው። «እነሆ፥ ድነሃል፤ ከዚህ የሚብስ እንዳይደርስብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» አለው። ቅደም ተከተሉን ያዙ! «ድነሃል» ቀደመ፤ «አትሥራ» ተከተለ። ግን ሁለቱም ተነገረው። ይህን ክፍል የሚሰብክ ሰው ግማሹን ቆርጦ መሄድ አይችልም።

ግማሹን የሚቆርጡ ግን አሉ፤ በሁለት ወገን። አንደኛው «ድነሃል» ላይ ያቆማል። አመንሁ፣ በቃኝ፤ ጥምቀት ምን ያደርጋል፣ ቁርባን ምን ያደርጋል፣ ምግባር ምን ያደርጋል ይላል። ጌታ ግን በማርቆስ 16፥16 «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» አለ። ወንዱን ልጅ በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን የምናጠምቀው በሞቱና በትንሣኤው እንዲተባበሩ ነው፤ ሮሜ 6 ላይ አለ። ሥጋውንና ደሙንም የምንቀበለው «ሞቱን ትናገራላችሁ» ስለተባልን ነው። «ንዜኑ ሞተከ» ብሎ እየዘመረ ሠላሳ ዓመት ሳይቆርብ የኖረ ሰውስ? እዚህ ብዙዎቻችን አለንበት፤ ስናረጅ እንቆርባለን እንላለን። የምሥራቹን ለሰው ነግሮ ራሱ ማዕድ ላይ የማይቀርብ ሰው ነው። ንስሐ አባታችሁን ያዙ፤ ቀን ቁረጡ፤ ይህን በቀጠሮ እንጂ በምኞት አይጨርሱትም።

ሁለተኛው ወገን ወንጌልን ወደ ውል ይለውጠዋል። ይህን ያህል ስጥ፣ ይህን ያህል ታገኛለህ፤ ቪዛ፣ መኪና፣ ፎቅ። የሌላውን ብቻ አንውቀስ፤ ከእኛም መካከል ስለቱን የንግድ ውል ያደረገ አለ። ስለት ሐራም አይደለም፤ ሐና ተስላ ሳሙኤልን ወልዳለች። ነገር ግን ያልተሳካለት ሰው «አምላክ ከዳኝ» ብሎ የሚሄደው መጀመሪያውኑ የተነገረው ወንጌል ስላልነበረ ነው። ጌታ ለሐዋርያቱ ፎቅ ቃል አልገባም፤ መስቀል ተሸከሙ አላቸው።

እንግዲህ የሚሠራውን ልንገራችሁና እንለያይ። በማርቆስ ጀምሩ፤ አጭሩ እሱ ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ ካነበባችሁ በ16 ቀን ያልቃል። 89ኙን ምዕራፍ በዚህ አካሄድ ሦስት ወር ሳይሞላ ትጨርሳላችሁ። አንብቦ የማያውቅ እናት አባት ያለው ልጅ ማታ ቡና ሲፈላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው፤ ወንጌል ከጥንትም በጆሮ የሚሰማ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ እዚህ ላይ እግዚአብሔር ምን አደረገ? «እኔ ምን ላድርግ?» የሚለውን ለጊዜው አቆዩት፤ ከመጀመሪያው መልስ ላይ በራሱ ይመጣል። ያልገባችሁን ቁጥር በወረቀት ጻፉና አምጡ፤ በራሳችሁ አትተርጉሙ፤ አንድምታውን፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ የተማሩ አባቶች አሉ፤ ይጠየቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎችም ሰባት ሰባት እያደረጋችሁ ብትመድቧቸው ይበረታታሉ፤ ለብቻው የጀመረ አብዛኛው ማርቆስ 4 ላይ ነው የሚያቆመው። ምዝገባው ሲወጡ በሩ ላይ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።